ፔደር ባልከ ሥዕልን አልተወም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ሰሜን አውሮፓ ሠዓልያን ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ኖርዌያዊው ፔደር ባልከ ገበያ ሲያጣ ሥዕልን ትቶ ፖለቲካ ውስጥ የገባ ሰው ተደርጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ገበያ ማጣቱ እውነት ነው። ሥዕልን ተወ መባሉ ግን ትክክል አይደለም፤ ዛሬ ስሙን ያስጠሩት ሥራዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነውና ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባልከ በ1804 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተወለደው ከባሕር ዳርቻ ርቆ፣ በምየሳ ሐይቅ ላይ በምትገኘው በሄልጎያ ደሴት፣ መሬት ከሌለው ድኻ ቤተሰብ ነው። በስቶክሆልም ተማረ፤ ኋላም ወደ ድሬስደን ሄዶ በአገሩ ልጅ በዮሃን ክርስቲያን ዳል ሥር ሠለጠነ። ከትምህርቱ ይልቅ መንገዱን የወሰነለት ግን በ1832 በባሕር ወደ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ፊንማርክ ያደረገው ጉዞ ነው። የኖርድካፕን ገደል፣ የቫርዴሁስን ምሽግ፣ ከውኃው ቀጥ ብለው የሚነሡትን ተራሮች ያኔ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ዳግም ወደ ሰሜን ሳይመለስ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ዳርቻ ሣለ። በኦስሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው፣ የስቴቲንድን ተራራ በጭጋግ መካከል የሚያሳየው ሥዕሉ የ1864 ሥራ ነው፤ ከጉዞው 32 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1840ዎቹ ፓሪስ በነበረበት ጊዜ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ፊት ለመቅረብ ዕድል አገኘ። ንጉሡ ራሳቸው በስደት ዘመናቸው፣ በ1795፣ ኖርድካፕ ድረስ ዘልቀው ስለነበር የባልከ የሰሜን ንድፎች የሚያውቁትን አገር አስታወሷቸው፤ በእነዚያው ንድፎች መነሻነትም ትልልቅ ሥዕሎች እንዲሠራላቸው አዘዙት። ነገር ግን ፈረንሳይ መታመስ ስትጀምር ባልከ ፓሪስን ለቀቀ፤ በ1848 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ትእዛዙም እዚያው ቀረ። ንድፎቹ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ።

ወደ ክርስቲያንያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኦስሎ ከተመለሰ በኋላ ለሠራተኞች መብት መከራከሩ፣ ከከተማው ዳር በያዘው መሬት ላይ ባልከቢ የተባለውን የሠራተኞች ሠፈር ማቋቋሙ፣ ሠፈሩንም በ1879 እሳት መብላቱ የታወቀ ነው፤ በዚህ ረገድ ከጸሐፊያችሁ ጋር ጠብ የለኝም።

ጸሐፊው የዘለሉት፣ በዚያው ዘመን ማንም ሳያዝዘው ለራሱ የሠራቸውን ትናንሽ ሥዕሎች ነው። በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ያለውና በ1862 ገደማ የተሣለው የማዕበል ሥዕል ቁመቱ 12፣ ስፋቱ 16.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባልከ በእንዲህ ያሉ ሥራዎቹ ነጭ በተቀባ ጣውላ ላይ ጥቁሩን ቀለም ስስ አድርጎ ያለብስና ሳይደርቅ በቡርሽ፣ አንዳንዴም በጣቱ ይጠርገዋል፤ የማዕበል አረፋ ሆኖ የሚታየን ከላይ የተጨመረ ነጭ ቀለም ሳይሆን ከሥር ብቅ ያለው ነጩ መደብ ነው። እኔ በበኩሌ የፓሪሱ ትእዛዝ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሥዕሎች የምናያቸው አይመስለኝም። ለቤተ መንግሥት ግድግዳ የሚሣል ሠዓሊ እንዲህ ለመድፈር ምን ያነሣሣዋል?

በ1887 ሲሞት በሠዓሊነቱ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበር። ናሽናል ጋለሪ በ2014፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ በ2017 ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ ሲከፍቱ ከፍተኛውን ትኩረት የሳቡት እነዚሁ ያለ ገዢ የተሠሩ ሥራዎቹ መሆናቸው፣ ሥዕልን ተወ ለሚለው አባባል በቂ መልስ ይመስለኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ማስተካከያ እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። የማዕበሉን ሥዕል ከጎኑ ለማተም ብታስቡ፣ ከጋዜጣችሁ ገጽ ሩብ ስለማይበልጥ፣ ሳታሳድጉትና ሳታሳንሱት በትክክለኛ ልኩ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኦስሎ