የቅየሳ ክፍላችንን ጣሪያና ቴዎዶላይቶች እናድን፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጆችና ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልን።

የዕቃ ክፍሉ ጣሪያ በነሐሴ ዝናብ መደርመሱን ሰምታችኋል። ውሃው በቀጥታ ማዕዘን መለኪያ መሣሪያዎቻችን በሆኑት ቴዎዶላይቶች ላይ ነው የወረደው። ሌንሳቸው ሻጋታ ይዟል፣ የዲግሪ ክቡም ደብዝዞ አይነበብም። የሚሠራ አንድ ብቻ ቀርቶናል። መዋጮው ደግሞ ከመስቀል ወዲህ ቆሟል። ደጋግሞ መለመን ለእኛም ከብዶናል፤ ግን ዝም ማለት አልቻልንም።

የሂሳብ ቁጥሩ በኮሚቴው የቴሌግራም ገጽ ላይ አለ፤ በንግድ ባንክም በቴሌብርም ይቻላል።

ያለፈው መዋጮ የት ገባ ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ትራይፖዶቹ (የመሣሪያዎቹ ባለሦስት እግር መቆሚያዎች) ተጠግነዋል፣ ቱንቢ ተገዝቷል፣ መሣሪያዎቹም ከዝናቡ በፊት በባለሙያ ተፈትሸው ነበር። ደረሰኙ እጃችን ላይ ነው፤ መጥታችሁ እዩት። በዚያ ገንዘብ ልጆች ሠልጥነውበታል፤ ባክኗል ሲባል ያመናል።

«ዘመኑ የቶታል ስቴሽን አይደል?» የሚሉም አሉ። ቶታል ስቴሽን የተባለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ራሱ ለክቶ አስልቶ ይሰጣል፤ ቴዎዶላይት ግን እጅና ዓይን ያሠለጥናል። ተማሪው የትራይፖዱን እግሮች መሬት ውስጥ ረግጦ ያስገባል፣ ቱንቢውን ከችካሉ ምስማር አናት ላይ ያሳርፋል። ከመሣሪያው ሥር ካሉት ሦስት ብሎኖች ሁለቱን በአውራ ጣቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እያዞረ የውሃ ልኩን አረፋ መሐል ያመጣል። ከዚያ መሣሪያውን 90 ዲግሪ አዙሮ በሦስተኛው ብሎን ያስተካክላል። ማዕዘኑን በፌስ ሌፍት (የመሣሪያው ቋሚ ክብ በግራ ሆኖ) ያነብባል፣ ቴሌስኮፑን ገልብጦ በፌስ ራይት (ክቡ በቀኝ ሆኖ) ይደግማል። በአንድ ነጥብ ላይ ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ መለያየት አለባቸው፤ ትንሽ ካፈነገጡ አማካዩ የመሣሪያውን የማነጣጠር ስህተት ያጣፋል። ባለአራት ማዕዘን ቦታን ዙሮ የውስጥ ማዕዘኖቹን ሲደምር ወደ 360 ዲግሪ ካልቀረበ፣ ተመልሶ ይለካል።

የ1 ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) የማዕዘን ስህተት 100 ሜትር ላይ ወደ 3 ሳንቲሜትር ያህል ያዛንፋል። የጎረቤት ድንበርም ሆነ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ መሠረት የሚተከለው በእነዚሁ ልጆች እጅ ነው። አሁን ግን በአንዱ መሣሪያ ተራ ሲጠብቁ፣ አንዱ አረፋውን ሳያስተካክል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

መጀመሪያ ጣሪያው ይከደናል፣ ቀጥሎ መሣሪያዎቹ ይጠገናሉ። የበልግ ዝናብ ሳይደርስብን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ያላችሁን አዋጡ። ስለ ልጆቻችን ብላችሁ፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ።

በድጋሚ እናስታውሳችሁ፦ ቁጥሩን ከቴሌግራም ገጹ ብቻ ውሰዱ። በግል ደውሎ ለሚጠይቃችሁ አትላኩ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ቴዎዶላይት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሌላው መዋጮ ጋር እንዳይቀላቀልብን። አሜሪካም ገልፍም ያላችሁ በዚያው የባንክ ሂሳብ መላክ ትችላላችሁ። ከላካችሁ በኋላ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ በዕለቱ እንመዘግባለን።

እግዚአብሔር ይስጥልን።

ኮሚቴው