ሳልደርስ ለቀረሁበት ለቅሶ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዘሀራ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ዛሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ለማለት በቅቻለሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ እያወቅሁ ለእናትሽ ለቅሶ ሳልደርስ መቅረቴ፣ ከሕመሜ ይልቅ ሲያንገበግበኝ ከርሟል። ቂም ይዤብሽም ረስቼሽም አይደለም። በዚያ ሳምንት ፊቴን ልታጠብ ስነሣ እንኳ ግድግዳ እየያዝሁ ነበር፤ ደክሞኝ ቀረሁ ብል ማን ያምነኛል ብዬ አፈርሁና ዝም አልሁ። ዝምታው ደግሞ በዋለ ባደረ ቁጥር ይበልጥ አሳፈረኝ።

ሕጉ መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን ቢበዛ 12 ሰዓት ሲያደርገው፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ሰዓት መቁጠር ትቼ፣ የዓመት ፈቃዴን ሳልጠይቅ፣ ያላለቀውን መዝገብ ቤት ድረስ ተሸክሜ እየሄድሁ ሠራሁ። አለቆቼ ሲጨምሩብኝ አንድም ቀን አልበቃሽም ወይ አላሉኝም፤ እኔም እምቢ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን ከፒያሳ ድንች ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ ዘወትር የምወጣው ዳገት መካከል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ዘንቢሉ ከእጄ ወድቆ ድንቹ ቁልቁል ሲንከባለል እያየሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ "እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" ስትለኝ የምመልስበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

በምርመራ ስኳሬና የእንቅርት ዕጢዬ ደህና ሆነው፣ የደም ማነስ የሚታወቅበት ሄሞግሎቢኔ ቢያንስ 12 መሆን ሲገባው 9.4 ተገኘ። የብረት እንክብል ታዘዘልኝ፤ ቡና ሰውነት ብረትን እንዳይመጥ ስለሚያውክም ከምግብና ከመድኃኒቱ አራርቄ እንድጠጣ ተነገረኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደሜ ቢሞላም ድካሙ አልለቀቀኝም። ሐኪሙ ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ ያን ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ እንደሚጨምር ሲነግሩኝ፣ ዘጠኙን ዓመት በልቤ መቁጠር ጀመርሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የበረታሁበት ቀን ነበር። ጉልበት ሲሰማኝ የከረመውን ልብስ ሁሉ አጥቤ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልሁ፤ ይህም ደጋግሞ ደረሰብኝ። አሁን ግማሹን አጥቤ፣ ገና አቅም ሳለኝ አቆማለሁ። መዝገቡን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘግቼ እወጣለሁ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እተኛለሁ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እስከ ሰፈራችን ሱቅ ብቻ እራመድ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የጦሳን ተራራ እያየሁ፣ ሳላርፍ ሆጤ ደረስሁ።

ዘሀራዬ፣ እናትሽ ደክሞኝ ባዩኝ ቁጥር "አብሽሪ ልጄ" የሚሉኝ ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። በመጪው ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁና፣ ዘግይቼም ቢሆን አብሬሽ ላልቅስ፤ መቃብራቸውንም አሳይኝ። ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት አሳልፈሽ አፍይልኝ።

እህትሽ፣
አስቴር