ወረቀቱን ኮትህ ኪስ ውስጥ አገኘሁት

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የትንሿ የወለቀው ጥርስ በቅሏል። ለትምህርት ቤታቸው ቴአትር ዛፍ ሆና ልትቆም ነው። ንግግር የላትም። «አያቴም እንዲህ ነው የጀመረው» ብላ ለመምህሯ ነግራታለች። ትልቁ እንደ ልማዱ ኳስ ላይ ነው።

የማታውን መድኃኒት እየዋጥክ ነው? ምድጃውንም ሳትተኛ እየው፣ እባክህ።

ሰሞኑን አሜሪካዊው ደጋፊ ተዋናይ ጆን ካዛል ትዝ አለኝ። በ5 ረጅም ፊልሞች ብቻ ተጫወተ፤ 5ቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጩ፤ እሱ ግን አንዴም አልታጨም። በፈረንጆች 1978 ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር። ይህን ስታወራ የዘመድ መርዶ የምትናገር ትመስል ነበር። የሰሌዳው ነገርማ! ኦስካር ለደጋፊ ተዋንያን መስጠት ሲጀመር ለመሪዎቹ ሐውልት፣ ለእነሱ ሰሌዳ። አንተን የነፈጉህ ይመስል ጠረጴዛ ትመታ ነበር።

ቀዩ እስክሪብቶህስ? ሁለት ገጽ ስክሪፕት ይሰጡሃል፤ አንዷን መስመርህን ታሰምርባታለህ። እኔ መሪውን ተዋናይ ሆኜ አነብልሃለሁ። «ጌታዬ፣ መኪናው ደርሷል።» በቃ፣ ይህችው ናት። አንተ ግን «ይሄ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል?» እያልክ እስከ እኩለ ሌሊት ታስመሸኛለህ።

የተመረቅኩ ዕለት ቀረጻ ነበረህ። አንድ ትዕይንት። ፊልሙ ሲወጣ ሳልነግርህ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ትዕይንትህ ኤዲቲንግ ላይ ተቆርጧል። ስምህ ግን መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ጋር አለፈ። መብራቱ በርቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ልናደድብህ ሄጄ አዘንኩልህ። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ቢያንስ ማታ ስትገባ አንድ ነገር ብትለኝ ምን ነበረበት?

ባለፈው ሐኪሙ ጋ ቀኑን ሲጠይቅህ ሳታመነታ መለስክ። ወሩን፣ የልጆቼን ስም፣ ሁሉንም። መሃል ላይ አሰብ አድርገህ አገጭህን እንኳ አሸት አሸት አደረግክ። ሐኪሙ «ከእኔም ይሻላሉ» ብሎ ሳቀ። እኔም አመንኩህ።

ቤት ገብተን ኮትህን ስሰቅል ወረቀቱ ወደቀ። ቀኑ፣ ወሩ፣ የልጆቹ ስም። በቀይ ተሰምሮበታል። ከትንሿ ስም አጠገብ «ጥርሷ የወለቀው» ብለህ ጽፈሃል።

አባዬ፣ ይህን ያህል ጎበዝ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ለአንድ ተመልካች። እሱንም አታለልከው።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለን። መኪና እንዳትነዳ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፤ ሌላ እንዳትጽፍ። ቀኑ ከጠፋህ «ጠፋኝ» በለው። አጠገብህ ነኝ።

ኮትህን ደርብ፣ ጠዋት ይበርዳል።

ልጅህ