የመንዝ፣ የግሼና የደቡብ ወሎ ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች በመሬት ካርታ ላይ ይስፈሩ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፤

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በመንዝ፣ በግሼና በደቡብ ወሎ ደጋዎች የሚገኙ ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች ብዙዎቹ በካርታ ላይ ሳይሰፍሩ፣ ለማረሻና ለግንባታ ድንጋይ ፈላጊ ተጋልጠው ስላሉ ነው። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፕዋሶኒዬ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ ጉብታዎቹ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረና ዛሬ በሻይ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» የሚባለው ሕዝብ መቃብሮች መሆናቸው ታውቋል። ከሟቾቹ ጋር ሸክላ፣ የብረት መሣሪያና በንግድ ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ተቀብሯል። ይህ ሕዝብ የዛጉዬና የመጀመሪያዎቹ ሰሎሞናውያን ነገሥታት ጎረቤት ሆኖ ሳለ እንደ እነርሱ ክርስቲያን አልነበረም፤ ራሱም የጻፈው ነገር አልደረሰንም። ስለዚህ አንድ ጉብታ ተንዶ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ወይም ለእርከን ሲወሰድ፣ የዚያን ሕዝብ ታሪክ ከሌላ ምንጭ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ጉብታዎቹን ከሰማይ በተነሣ ምስል መፈለግ ይቻላል። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል በተነሣ ምስል ላይ የጉብታው ጥላ ይረዝማል፤ ተደርምሶ የታረሰውም ቢሆን የአፈሩ ቀለምና የሰብሉ ቁመት ከዙሪያው ስለሚለይ ክብ ምልክት ይተዋል። ሆኖም በነጻ የሚገኘው የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ስለሚሸፍን፣ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለውን ክምር አያሳይም፤ ከአንድ ሜትር በታች የሚለይ ምስል ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው ግን እንዲህ ያለ ምስል ከመንግሥት እጅ የራቀ አለመሆኑ ነው። ለገጠር መሬት የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ የየገበሬው ማሳ ድንበር የተሠመረው ከአየርና ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ነው። ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩቱም ከደርግ በፊትና በደርግ ዘመን የተነሡ የአየር ፎቶግራፎች አሉት፤ እነዚህን ከዛሬው ምስል ጋር ማነጻጸር የትኛው ጉብታ እንደጠፋና የትኛው ባሕር ዛፍ እንደተተከለበት ያሳያል። ለዚህ ሥራ አዲስ በረራ የግድ አይደለም። በተለይ ድሮን ማብረርን ዛሬ አልመክርም፤ በዚያ አካባቢ የድሮን ድምፅ ለገበሬው የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ነውና።

ምስል ብቻውን ግን ያሳስታል። አውድማ ከላይ ሲታይ ክብ ነው፤ የፈረሰ ጎጆ መሠረት፣ የከብት በረትና ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የከመረው ድንጋይም እንዲሁ። ስለዚህ በምስል የተጠረጠረው ሁሉ በእግር ተሂዶ ሊታይ ይገባል፦ ድንጋዩ በሥርዓት የተደረደረ ነው? ሸክላ ስባሪ በዙሪያው አለ? ባለማሳውና የአገር ሽማግሌዎችስ ስለ ቦታው ምን ይላሉ? የመስክ ጉዞው የጸጥታው ሁኔታ እስኪፈቅድ ሊቆይ ይችላል፤ የምስል ንባቡ ግን ቢሮ ተቀምጦ ዛሬ የሚጀመር ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ከክልሉ የመሬት አስተዳደር ጋር ተስማምቶ ምስሎቹን እንዲረከብ፣ በመስክ የተረጋገጠው እያንዳንዱ ጉብታም በማሳው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። ይህ ገበሬውን ከይዞታው የሚነቅል መሆን የለበትም፤ በጉብታው ላይ ማረስ ለሚተወው ተመጣጣኝ ካሳ ሊታሰብለት ይገባል፤ አለዚያ ማንም የማሳውን ጉብታ አያሳይም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ለማን እንደሚያሳውቅም በየቀበሌው ይነገር። ወርቅ ፈላጊ ቀድሞ እንዳይደርስ የቦታዎቹ ትክክለኛ መገኛ ለሕዝብ ይፋ ባይሆን ይመረጣል።

ሥራው በአንድ ወረዳ ይጀመርና ከተሳካ ሕዝቡ የሐርላ (በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጥንት የኖረ ሕዝብ) መቃብር ወደሚላቸው የሐረርጌ ጨርጨር ጉብታዎች ይስፋ። ምላሽዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንዝ ተወላጅ