አባባ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ይምጡ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደኅና ነን። ልጆቹም ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ደሴ እንደሚያውቋት ናት፤ ብርዷን አልተወችም።

ይሄን ነገር ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻ መጥቼ በአፌ ብነግርዎ ይሻል ነበር። ግን ፊትዎን ሳይ ቃሉ ከጉሮሮዬ አይወጣም። እርስዎም "ተይው ልጄ፣ ይልቅ ቡና አፍዪ" ይሉኛል። ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ስለ መጠጡ ነው፣ አባባ።

ልወቅስዎ አይደለም። ወቀሳውን ከሽማግሌም ከንስሐ አባትዎም ጠግበዋል። የማነሳው ያለፈውን ሁዳዴ ነው። ጾሙ ሲገባ አረቄውን በአንዴ ቆረጡ። በማግስቱ እጅዎ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀዎት። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ከሌለ ሰው ጋር ያወሩ ጀመር። ጎረቤቱ "ለክፏቸዋል፣ ጠበል ይወሰዱ" አለ። ከዚያ መለኪያው ተመልሶ መጣና ሁሉም ጸጥ አለ። እርስዎም "ጾሙን እንኳ አልቻልኩም" ብለው አንገትዎን ደፉ።

እዚህ ሐኪም ጠየቅሁ። የእምነት ማነስ አይደለም። ለዓመታት አረቄ የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሰውን አንቀጥቅጦ እስከ መጣል ይደርሳል። ከዚያ ቅዠቱ ይከተላል። ሲብስ ሕይወት ይወስዳል። ግን መድኃኒት አለው። ከቫይታሚን ቢ1 ጋር እየሰጡ፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያሳልፉታል። ጠበሉ ይቅር አላልኩም፤ ሐኪሙ ይቅደም ነው ያልኩት።

ሐኪሙ ግን የሚረዳው ያንን ሳምንት ለማለፍ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ነው። ከፋብሪካው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግርዎ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ጓደኞችዎ እዚያ ናቸው። ወሬው እዚያ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት። ማስታወቂያው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወረደ እንጂ፣ ጃንጥላው በየግሮሰሪው ደጅ እንደተዘረጋ ነው። መጠጡን ይተዉ የሚልዎ ሁሉ ሰዉንም ይተዉ እያለ መሆኑን አያስብም።

እዚህ ደሴ አንድ ሰው አለ። ስሙን አልነግርዎትም፤ ከፈለገ ራሱ ይነግርዎታል። ጠጥቶ ጠጥቶ ከሥራው ሊባረር ሲል፣ አዲስ አበባ "አልኮሆሊክስ አኖኒመስ" የሚባለው፣ ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱበት ስብሰባ ውስጥ ገባ። ዛሬ አይጠጣም። ወደ ደሴ ከተመለሰ በኋላ በስልኩ፣ በኢንተርኔት ነው የሚሰበሰበው። ስምዎን ሳልጠራ ሳማክረው ደስ አለው። ገረመኝ። "እኔም ሰው ያስፈልገኛል" አለኝ።

ለካ ይሄ ስብሰባ ከመነሻውም የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ አክረን በምትባል ከተማ፣ ቢል የሚባል ሰው የመጣበት ንግድ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። የሆቴሉ ቡና ቤት አጠገቡ ነው። ገብቶ ሊጠጣ ሲዳዳው ስልክ አነሳ። የደወለው ለቄስ ነው፤ የጠየቀው ግን ጸሎት ሳይሆን ከሌላ ጠጪ ጋር እንዲያገናኙት ነው! በሰው በሰው ዶክተር ቦብ የሚባል ቀዶ ሐኪም ተገኘ። ዶክተሩ 15 ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ቢል አልመከረውም። የራሱን ታሪክ ነው የነገረው።

ስለዚህ ይሄ ሰው ውለታ ሊውልልዎ አይደለም። ከእርስዎ ጋር ሲቀመጥ እሱም ራሱን ይጠብቃል። ደግሞ ሁለት ሦስት ጠጪ ለማቆም ብሎ ከተቀመጠ፣ እሱ ራሱ ስብሰባ ነው ይላሉ። ቢሮ አያስፈልግም። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ ለሻይ የሚጥል ይጥላል። የአባት ስም አይጠየቅም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ እንደ ዕድር ስብሰባ አይጯጯሁም። መናገር ካልፈለጉ ዝም ብለው ቡናዎን ይጠጣሉ። መሐላም የለም። እርስዎ በስንት ታቦት ማሉ? እነሱ "ለዛሬ ብቻ" ነው የሚሉት። ፈጣሪንም ያነሳሉ፤ ሁሉም እንደየእምነቱ። ያ ሰው አላህ ይላል፣ እርስዎ እግዜር ይላሉ። ወሎ ላይ ይሄ ማንን ያስቸግራል?

"ሰው ያየኛል" እንደሚሉ አውቃለሁ። ሞቅ ብሎዎት ሲመለሱ ያየዎትስ ስንት ነው? ይቅር፣ ይሄን አልጻፍኩም ይበሉ። ብቻ ኮምቦልቻን ትቼ ደሴ ያልኩት ለዚህ ነው።

ለቤተሰብም አላኖን የሚባል ለብቻው የሆነ ስብሰባ አለ። ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። መጀመሪያ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንሄዳለን። ስሙ አያስደንግጥዎ፤ የመጠጥንም ነገር የሚያዩት እነሱ ናቸው። ማታ ያ ሰው እኛ ቤት ይመጣል።

አንድ አደራ አለኝ። እኔን ለማስደሰት ብለው ረቡዕ ላይ በአንዴ እንዳያቆሙ። ጠዋት እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቀመስ አድርገው ይምጡ፤ አልቆጣም። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ሳይቀንሱ ይንገሩት። ሲጠይቅዎ እኔ ውጪ እቆያለሁ።

ልጅዎ
ከደሴ