ስለዚያች ዘንበል ያለች ጭረት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጎንደር ለጥምቀት ሽር ጉድ ላይ ናት፤ የፋሲል መዋኛም ውሃ እየተሞላ ነው።

የላክሽልኝን ፕሮግራም ትናንት ማታ ሞከርሁት። ባንቺ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው በእኔ ሊኑክስ ላይ «ፋይሉ የለም» ብሎኝ አረፈው። ፋይሉ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጧል! ኮዱን ስከፍተው የፎልደሮቹን ስም በ\ እያያያዝሽ በእጅሽ ጽፈሻል። ዊንዶውስ ላይ ይህች ወደ ኋላ ያዘነበለች ጭረት፣ ባክስላሽ የምትባለው፣ ፎልደርን ከፎልደር ትለያለች፤ ሊኑክስ ግን እንደ ማንኛዋም ፊደል የስሙ አካል ያደርጋታል።

አልስቅብሽም። እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ያዛወርሁትን ፕሮግራም ሌሊት ሪፖርት እንዲያወጣ ትቼው ሄድሁ። ጠዋት ስገባ የሪፖርት ፎልደሩ ባዶ ነው። ከውጭ ግን «ሪፖርት\ታኅሣሥ\አዘዞ» የሚባል አንድ ፋይል ተጋድሟል፤ ያ ሁሉ ስሙ ነው እንግዲህ! አለቃዬ ፊት ላብ በላብ ሆንሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው የዊንዶውስ ቀዳሚ፣ የማይክሮሶፍት ዶስ፣ ፎልደር አልነበረውም፤ /ን ለትእዛዝ አማራጮች ይጠቀምባት ነበር። በ1983 ሁለተኛው ዶስ ፎልደር ሲያመጣ የሊኑክስ አርአያ የሆነው ዩኒክስ የሚሠራባት / ተይዛለችና \ ተተካች። የድሮው ማክ ደግሞ ሁለት ነጥብ ነበር መለያው። ይህን ሳነብ አያትሽ ትዝ አሉኝ፤ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ሳያደርጉ አይጽፉም፣ እኛን «ቃሉን አጣበቃችሁት» እያሉ ይቆጡን ነበር።

ባክስላሽ ሌላም ተንኮል አለባት። በጻፍሽበት የፕሮግራም ቋንቋ በፓይተን፣ በጥቅስ ውስጥ ከኋላዋ ትንሿ የላቲን ቲ (t) ከተከተለች ታብ የሚባል ሰፊ ክፍተት ትሆናለች። ፎልደርሽ በላቲን ፊደል «ታሪክ» ቢባል ኖሮ እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ ይደናቀፍ ነበር።

ስለዚህ የፋይል አድራሻ የሚያያይዝልሽን መሣሪያ፣ ፓዝሊብን፣ ተጠቀሚ፤ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። የመጀመሪያውን ፎልደር በእሱ ፓዝ (የፋይል አድራሻ) አድርገሽ ሌሎቹን በ/ ቀጥዪበት፤ የየማሽኑን መለያ ራሱ ያውቃል። የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደልም አታቀላቅዪ፣ ሊኑክስ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው የሚልሽ።

አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። እናትሽ ድርቆሽና በርበሬ በሰው ልካልሻለች፤ ሲደርስሽ ደውዪላት።

አባትሽ