ጉዳዩ፦ ሐሙስ 10 ሰዓት ይደርሳል ስላላችሁት ፋይልና እናቴን ስለተናገራችኋት ነገር

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ስታዲየም አካባቢ ላለው የቪዛ ማማከር ቢሮ ስራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆንን ምን ፈልገን እንደመጣን ፋይሉ እናንተ ጋ ስላለ አልደግመውም፣ ከተገኘ ማለቴ ነው። ባጭሩ እህቴን ልታርስ ጀርመን ልትሄድ የነበረችው ሴትዮ ልጅ ነኝ። ከመስከረም 20 ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ቆጥሬ ስልችት ስላለኝ እሱንም ልለፈው፣ የዛሬው ደብዳቤ ስላለፈው ሐሙስ ነው።

ማክሰኞ ከእናንተ ቢሮ የደወለልኝ ልጅ ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ። «ብሮ አታስብ፣ ሐሙስ 10 ሰዓት ፋይሉ ፕሪንት ሆኖ በኤንቨሎፕ ይጠብቅሃል፣ ማዘርን ይዘህ ና ትፈርማለች፣ አርብ ጠዋት ቀጠሮዋ ላይ ይዛ መግባት ብቻ ነው።» እኔም አላሰብኩም። አለቃዬን ለምኜ ከስራ በጊዜ ወጣሁ፣ እናቴን ከስድስት ኪሎ በራይድ አመጣኋት። ሊፍታችሁ ዛሬም አይሰራም። በጤናዋ ጉልበቷን የሚያማት የ63 ዓመት ሴት አራት ፎቅ በየደረጃው እያረፈች ወጣች፣ ጥቅምት ላይ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ ስትዛወሩ ስለ ደንበኛ ጉልበት ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ገብቶኛል።

10 ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ገባን። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ስልኳን ሳታስቀምጥ «የትኛው ፋይል?» አለችን። ስም ነገርናት። «እስኪ ቁጭ በሉ» አለች። ቁጭ አልን። ቶነር አልቋል ተባለ፣ ቶነር ሊያመጣ የሄደው ልጅ ስልክ አያነሳም ተባለ፣ እኛ ስንገባ የተጀመረው ሳምቡሳ አልቆ ሻይ መጣ፣ ፋይሉ የመጣው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ ያውም ፕሪንት ተደርጎ ይጠብቃል የተባለው።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች። 34 ዓመት አስተማሪ የነበረች ሴት ነች፣ ሳታነብ አትፈርምም። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ልጄ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ሳየው የትውልድ ዘመኗ 1954 ተብሎ ተሞልቷል። ፓስፖርቷ ላይ ያለው 1962 ነው፣ 1954 የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው የኛ አቆጣጠር ነው! ኢትዮጵያ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ ፎርም የሚሞላ ቢሮ ይሄን ካላወቀ ምኑን ነው የሚያማክረው? ኢንሹራንሱን ገለጥ ሳደርገው እሱም ላይ 1954። ማለትም እናቴን በ8 ዓመት አስረጅታችሁ በ71 ዓመት ሰው ሂሳብ ነው ያስከፈላችሁን፣ ለካ ያኔ «ዕድሜያቸው ገፋ ስላለ ነው የተወደደው» ያላችሁን ይሄንን ኖሯል። ለልጅቷ ሳስረዳት «ያው ነው እኮ» አለችኝ። ፎርሙ ላይ ሌላ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ የትውልድ ቀን ይዞ መስኮት ላይ የሚቀርብ ሰው እንዴት «ያው» ይሆናል?

ይሄም ይሁን፣ ይታረማል ብለን ነበር። ቀጥሎ የግዴታ ደብዳቤውን ስፈልግ ኮፒው ብቻ ነው ያለው። ዋናው የለም። ይሄ ወረቀት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አልነበረብኝም ግን ሐሙስ ዕለት ልጅቷ «ግብዣው ማለትህ ነው?» ስላለችኝ ልናገር። ግብዣ አይደለም። እህቴ የእናቴን የቆይታ ወጪ በሙሉ እችላለሁ ብላ እዛ ያለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ፣ የደመወዝ ወረቀቷን አሳይታ፣ 29 ዩሮ ከፍላ፣ ባለስልጣን ፊት ፈርማ ያወጣችው ነው፣ የጀርመንኛ ስሙ ምላስ ያስራል። ለማመልከቻው ዋናው ነው የሚፈለገው። ነሐሴ ላይ ሆዷ ገፍቶ ተሰልፋ ነው ያወጣችው፣ በሰው እጅ ነው እዚህ የደረሰው፣ እኔ ነኝ በእጄ ያስረከብኳችሁ። የልጅቷ መልስ «ቢሮ ስንዛወር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ እስከዛ በኮፒው ሞክሩ»። በኮፒው ሞክሩ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ቶነሩንም 1954ንም ምናልባት ይቅር እል ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ «የኔ ልጅ፣ ልጄ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል እኮ፣ እኔ ካልሄድኩ ማን ያርሳታል?» አለቻት። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ «ማዘር ደግሞ! ዘንድሮ እኮ በቪዲዮ ነው የሚታረሰው»፣ ይሄን ብላ አጠገቧ ወዳለው ልጅ ዞራ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እናቴም ፈገግ አለች፣ ሰው እንዳይከፋው ብላ ሁሌም እንደዛ ነች። ከዛ ተነሳች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ አራቱን ፎቅ ወረደች፣ ከአምባሳደር እስከ ስድስት ኪሎ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስንገባ ለእህቴ ያስፈጨችውን የገንፎ ዱቄትና በሶ ከሻንጣው አወጣችና ወደ ኩሽና መለሰችው። 23 ኪሎ እንዳያልፍ ብላ ጎረቤት ሚዛን ተውሳ ሁለት ጊዜ መዝናው ነበር። እኔ ሳሎን ቆሜ አያታለሁ፣ ምን ልበላት?

የቀልዱ ነገር እንዲህ ሲያናድደኝ ልጅቷ ታማ ውላ ይሆናል፣ ደክሟት ይሆናል ብዬ ለማሰብ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም።

አርብ ዕለት ቀጠሮው እንዲሁ አለፈ። ቅዳሜ ስደውል «ሌላ ቀጠሮ ታህሳስ 13 ላይ ይገኛል፣ ከዛ በ15 ቀን ይወጣል» ተባልኩ። ይሄ 15 ቀን የምትሉት ነገር ከየት ነው የምታመጡት? መስከረም ላይም 15 ቀን ብላችሁናል፣ እኛም እሱን አምነን ነው ጊዜ አለን ብለን የተዝናናነው። አሁን እኔው ራሴ ገብቼ ሳነበው፣ የአውሮፓ ህብረት ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ያደረገው ሚያዝያ 2016 ላይ ነው። ዓመት ተኩል አልፎታል! ያኔ በወጣው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ለኛ ቀርቷል፣ እናንተ ግን ሰኞ ዕለት በራችሁ ላይ ያለውን ፖስተር ሳየው አሁንም «መልቲፕል በ15 ቀን 100%» ይላል። ክፍያውም ሰኔ 2016 ላይ 90 ዩሮ ከገባ ቆይቷል፣ የእናንተ ቴሌግራም ላይ ያለው 80 ነው። እኔ በአንድ ማታ በስልኬ ያገኘሁትን ነገር ብር ተቀብላችሁ አታውቁትም ማለት ነው።

እስኪ አብረን እንቁጠር። የእህቴ ቀን ታህሳስ 19 ነው። መስከረም 20 ስንመጣ 45 ቀን ነው ብላችሁ ቀጠሮውን ጥቅምት መግቢያ ላይ ብትይዙልን ኅዳር ሳያልቅ መልሱ በእጃችን ነበር። አሁን ታህሳስ 13 ገብታ 45 ቀን ስትቆጠር ጥር መጨረሻ ነው። ልጁ ወንድ ነው ብለዋታል፣ እንግዲህ ሁሉም ቢቀና እናቴ የምትደርሰው ለ40 ቀኑ ክርስትና ነው፣ ገንፎው ሳይበላ፣ አራሷም ብቻዋን ተነስታ። ይሄ ሁሉ ደግሞ ያ ደብዳቤ ከተገኘ ነው። ካልተገኘ እህቴ በዘጠነኛ ወሯ ድጋሚ ቀጠሮ ይዛ ድጋሚ 29 ዩሮ ከፍላ ልትሰለፍ ነው። ይሄንን ለእሷ ገና አልነገርናትም፣ የሚነግራት ሰው ከቢሯችሁ ብትመድቡ ደስ ይለኛል።

ከተነሳ አይቀር፣ ደረሰኝ እስከዛሬ አልሰጣችሁንም፣ 18 ሺህ ብሩን በግል የቴሌብር ቁጥር ነው ያስላካችሁኝ። የቤት ካርታዋን «አያስፈልግም» ብላችሁ መልሳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ለምን አላመጣችሁም፣ ተመላሽ መሆኗን የሚያሳየው እሱ አይደል» ብላችሁ የተቆጣችሁን እኛን። የተከፈለ የአውሮፕላን ቲኬት ካልያዛችሁ አይሆንም ልትሉን ነበር፣ ቪዛ ሳይወጣ ቲኬት ግዙ ተብሎ እንደማይመከር፣ ሪዘርቬሽን እንደሚበቃ የነገረኝ የጉዞ ወኪል ቤት የሚሰራ ጓደኛዬ ነው፣ እንጂ እሱም ብር ተበልቶ ነበር። ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሚያስከፍለው አላወራም።

የምጠይቃችሁ መጀመሪያ ፓስፖርቷንና ዋናውን የግዴታ ደብዳቤ እንድትመልሱልኝ ብቻ ነበር፣ ደብዳቤውን መጻፍ ስጀምር ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ነበር። እየጻፍኩ ስመጣ ግን አልበቃኝም። 18 ሺህ ብሩ በሙሉ ይመለስልኝ፣ የኢንሹራንሱም በ71 ዓመት ሂሳብ የተከፈለው ጭምር። ደብዳቤው ከጠፋ እህቴ ለአዲሱ የምታወጣውን እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። በተጨማሪም እናቴ ይቅርታ ትጠየቅ፣ በስልክ አይደለም፣ በቴሌግራም ቮይስም አይደለም፣ በቪዲዮማ በጭራሽ። እሷ አራት ፎቅ መውጣት ስለማትችል እናንተ ስድስት ኪሎ ትመጣላችሁ። ቤቱን አሳያችኋለሁ፣ ቡና ይፈላላችኋል፣ እናቴ እንግዳ አትመልስም።

እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ሰዓቱን አውቄ ነው የመረጥኩት። ካልሆነ አርብ ጠዋት ይሄንኑ ደብዳቤ ከቴሌብር ማረጋገጫው ጋር ይዤ ንግድ ቢሮ ነኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንቀጽ 14ን አንብቤያለሁ፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ በትህትናና በአክብሮት መስተናገድም መብቱ ነው ይላል፣ ከነጋዴ ስድብና ማመናጨቅም ይጠበቃል። የልጅቷ ሳቅ ስድብ ነው አይደለም የሚለውን እነሱ ይወስኑ።

ስልኬ ፋይሉ ላይ አለ። እናቴ ጋ ግን አትደውሉ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቪዛው መጣ እያለች ነው የምትነሳው።

ከማክበር ጋር፣
የ«ማዘር» ልጅ